ወገባችሁ እንዴት አደረ?

እንደምን ዋላችሁ። ወደ ወሬያችን ከመግባታችን በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገላችሁ ወይም አሁን ተቀምጣችሁም የሚያማችሁ ካላችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሌሎቻችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ከወንበሩ ተነሱ። ጎሽ። አሁን ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። እስከ አምስት እቆጥራለሁ። አምስት ሳልል ወንበሩን እንዳትነኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

ሦስት ላይ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ብዙዎቻችሁ የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ስትደርሱ መውረዱን ትታችሁ ወደቃችሁ። አይዟችሁ፣ የሁላችንም ነገር ነው። ስንነሳ የጭናችን ጡንቻ እያጠረ ይገፋል። ስንቀመጥ ደግሞ እየረዘመ፣ ክብደታችንን ይዞ ያወርደናል። አንዱ ሞተር ነው፣ ሌላው ፍሬን። ከጉዳት ወይም ከረጅም መኝታ በኋላ የማገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ይሠራል፣ ፍሬናቸው ግን ላልቷል። ደረጃውን ይወጡታል። ሲወርዱ ግድግዳ ይዘው ነው። ፒላቴስን፣ ማለትም ቀስ ብሎ ከትንፋሽ ጋር የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ዘዴ፣ ለማገገሚያ የምወደው በዚህች ስንዝር ምክንያት ነው። መውረዱንም ያስተምራል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪምና ከፊዚዮቴራፒስት የተላኩ ሰዎችን እንቅስቃሴ የማለማምድ ሰው ነኝ። ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ ግን የራሴ ወገብ ነው።

ከዓመታት በፊት የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ አልኩና ወገቤን ያዘኝ። ከባድ ነገር አላነሳሁም፣ አልወደቅኩም። ጎንበስ ብቻ። ቀና ማለት አቃተኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «እንዳትነቃነቅ» አለኝ፣ እኔም አልተነቃነቅኩም። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሕመሙ በእርግጥ ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ልነሳ ስል ግን እግሮቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። መታጠቢያ ቤት ደርሼ እስክመለስ ላብ በላብ ሆንኩ። «የአልጋ ቁራኛ» የሚለውን አባባል ያን ቀን ነው የተረዳሁት። አልጋው አሳርፎኝ ነበር፣ ግን ይዞም አስቀርቶኛል።

ያኔ ያላወቅኩትን ዛሬ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ያመማቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ ሁለት ቀን እንዲተኙ ታዘዙ፣ ግማሾቹ ሰባት ቀን። ከሕመሙ በመዳን ሁለቱ ወገኖች አልተበላለጡም። ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ግን ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ያነሱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ምክሩ እየተቀየረ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ሥርዓት ያለው የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ከሚመክራቸው ነገሮች ውስጥ አስገብቷል። የወገብ ቀበቶን ግን አልደገፈም። እንደ ድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ነበሩ። እንግዲህ ወገቡን የያዘው እኔን ብቻ እንዳልነበረ ታያላችሁ።

አሁን ፒላቴስን ስለፈጠረው ሰው ትንሽ ላውራ። ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ አስምና ሪኬትስ የሚባል አጥንትን የሚያለሰልስ በሽታ የነበረበት ደካማ ልጅ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ስለነበረ ጀርመናዊ ነው ተብሎ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው «ማን» በምትባል ደሴት በሚገኝ ካምፕ ታሰረ። እንደሚተረከው እዚያ ከአልጋ መነሳት ለማይችሉ ሰዎች የአልጋ ሞላ ከአልጋው ራስጌና ግርጌ እያሰረ፣ ተኝተው እጅና እግራቸውን እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ከባለቤቱ ከክላራ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ። ጉዳት የደረሰባቸው ዳንሰኞች ይመላለሱበት ነበር። ዘዴውን «ኮንትሮሎጂ» ነበር የሚለው። ፒላቴስ የሚለው ስም የተለመደው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሞተ።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ፒላቴስ ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ቆንጆ ሆድና ቆንጆ ልብስ ነው። መነሻው ግን አልጋ ላይ ያለ ሰው ነው። ሞላ ሁለት ነገር ያደርጋል። እግራችሁን ስታወርዱ ክብደቱን ይሸከምላችኋል፤ ስትገፉት ደግሞ ይመልሳችኋል። ደካማውን ያግዛል፣ የበረታውን ይፈትናል። መሣሪያው ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ ምንጣፍም ይበቃል። ሐሳቡ ያው ነው፤ ሰውየው አሁን ካለበት ተነሱ፣ የሚችለውን ያህል ብቻ ስጡት።

ወደ ውስጥ እንግባ። ሆዳችሁን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚጠመጠም ጥልቅ ጡንቻ አለ። ከላይ ክዳኑ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው፣ ከታች ወለሉ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው፣ ከኋላ ከአከርካሪ አጥንት ጋር ተጣብቀው የሚሄዱ ትናንሽ ጡንቻዎች አሉ። አራቱ አንድ ላይ ወገብን ከውስጥ ደግፈው ይይዛሉ። ክንዳችሁን ለማንሳት ስታስቡ፣ ክንዱ ገና ሳይነሳ ያ መቀነት ቀድሞ ጠበቅ ይላል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ወገባቸውን በሚያማቸው ሰዎች ላይ ይህ ጡንቻ ይዘገያል። ክንዱ ይነሳል፣ መቀነቱ ግን ገና ነው።

ይህ ግኝት ከወጣ በኋላ ዓለም ሁሉ «ሆድ ወደ ውስጥ፣ እምብርት ወደ አከርካሪ» ማለት ጀመረ። እዚህ ላይ ረጋ እንበል። አንድን ጡንቻ ነጥሎ ማሠራት ብቻውን ሰውን አያድንም። እንዲያውም ሆዳቸውን ቀኑን ሙሉ ወደ ውስጥ ሲጎትቱ ትንፋሻቸውን የዘጉ ሰዎች አግኝቻለሁ። ፒላቴስም ተአምር አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምገማ ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲያይ፣ ለወገብ ሕመም ፒላቴስ ምንም ወይም ጥቂት ሕክምና ብቻ ከማግኘት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ከሌሎች የእንቅስቃሴ ዓይነቶች ይበልጣል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። ይህን የምነግራችሁ ሥራዬን ለማጣጣል አይደለም። መዋኘት የምትወዱ ዋኙ። መራመድ የምትወዱ ተራመዱ። ነገም የምትደግሙት እንቅስቃሴ ከማትደግሙት ይሻላል።

ታዲያ እኔ ለምን ፒላቴስን መረጥኩ? ቀስ ስለሚል ነው። ሰው ሲቸኩል ጥፋቱን አያየውም። ቀስ ሲል ያየዋል። አንዷን እንቅስቃሴ በቅርብ ላሳያችሁ። ምንጣፉ እዚህ ነው፣ እኔ እተኛለሁ።

በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። በወገባችሁና በምንጣፉ መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። አትጨፍልቁት፣ አታስፉትም፣ እንዳለ ይሁን። አንድ እጃችሁን የታችኛው የጎድን አጥንታችሁ ጎን ላይ አድርጉ። የሌላኛውን ጣቶች ከፊት ለፊት ከሚሰማችሁ የዳሌ አጥንት ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብታችሁ አሳርፉ። በአፍንጫችሁ ሳቡ። ጎድናችሁ ወደ ጎን ይስፋ፣ ትከሻችሁ ግን ወደ ጆሮ አይውጣ። አሁን በአፍ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ሻማ ሳታጠፉ ነበልባሉን ብቻ እንደምታወዛውዙ። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ከጣታችሁ ሥር አንድ ነገር ጠበቅ ይላል። እሱ ነው መቀነቱ። ጣታችሁን ወደ ውጭ የሚገፋችሁ ከሆነ ግን በኃይል እየሠራችሁ ነው፣ ለስለስ አድርጉት።

ከዚያ ትንፋሹ እየወጣ ሳለ አንድ እግራችሁን ከመሬት አንሱ፣ ጉልበቱ ከዳሌያችሁ በላይ እስኪመጣ። አቆዩት፣ ሳቡ። እያወጣችሁ መልሱት። ሲመለስ ጣቶቻችሁ ድምፅ ሳያሰሙ መሬቱን ይንኩ። ያቺ ስንዝር ተመለሰች፣ አያችኋት? ሦስት ነገር ተመልከቱ። ዳሌያችሁ ወደ አንድ ጎን ዘመመ? ወገባችሁ ከምንጣፉ ተነሳ? ትንፋሻችሁ ቆመ? ከሦስቱ አንዱ ከመጣ እንቅስቃሴው ለዛሬ በዝቷል ማለት ነው። እግሩን ሙሉ በሙሉ አታንሱት፣ ተረከዙን ብቻ አንሱ። በየእግሩ ስድስት ጊዜ ይበቃል።

ይበቃል ስል ከልቤ ነው። ምክንያቱም ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ነው። እንቅስቃሴ ከጀመርኩ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ቀን በጣም ደህና ሆንኩ። ሕመም የለም፣ ሰውነቴ ቀሎኛል። ስድስት የተባልኩትን አርባ ሠራሁ። ሌሎችም ያልታዘዙልኝን ጨመርኩ። ያን ምሽት በደስታ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ መገላበጥ አቃተኝ። ጣሪያውን እያየሁ ብዙ ቆየሁ፤ እንዲያ ያለቀስኩበት ጠዋት አላስታውስም። ወደ መጀመሪያው የተመለስኩ መስሎኝ ነበር። አልተመለስኩም፣ በአምስት ቀን ቀለለኝ። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰውነት መልሱን ወዲያው አይሰጥም። አድሮ ነው የሚሰጠው።

እኛ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምንጠያየቀው ይህንኑ ነው። «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» እንላለን፣ መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄውን የምር ነው የምጠይቀው። የማለማምደውን ሰው መጀመሪያ የምለው «ወገብዎ እንዴት አደረ?» ነው። ጉልበት ከሆነ ጉልበቱን፣ ትከሻ ከሆነ ትከሻውን። መልሱ የዛሬውን መጠን ይወስንልኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሕመማችሁን ከዜሮ እስከ አሥር ስጡት። ዜሮ ምንም የለም፣ አሥር የማይቻል ነው። በምትሠሩበት ጊዜ እስከ ሦስት ያህል ቢሰማችሁ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። ሐኪማችሁ የተለየ ገደብ ከሰጣችሁ ግን የሱን ያዙ። ዋናው ጥያቄ ጠዋት ነው። ከትናንት ጠዋቱ ካልባሰ መጠኑ ልክ ነበር፣ ድገሙት። ከባሰ እንቅስቃሴው ጠላት ነው ማለት አይደለም፣ መጠኑ በዝቷል። በግማሽ ቀንሱት እንጂ አትተዉት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጠፋው። አንድ ቀን ያመዋል፣ «አልተስማማኝም» ይላል፣ ይተዋል። መድኃኒት ሲበዛ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል አይደል? እንቅስቃሴም እንደዚያው ነው።

መጠኑ ከሰውነት ክፍል ክፍል ይለያያል። የተሰበረ አጥንት ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ጅማት ከዚያም ይዘገያል፣ ወራት ይወስዳል። ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎም ይመለሳል። ስለዚህ ጡንቻችሁ «ችያለሁ» ሲላችሁ ጅማታችሁ ገና ሊሆን ይችላል።

«ጉልበቴ ከዳኝ» የምንለውንም ልንገራችሁ። ይህ አባባል ብቻ አይደለም። ጉልበት ሲጎዳ ወይም ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ያብጣል። እብጠቱ ከመገጣጠሚያው ወደ ነርቭ የሚሄደውን መልእክት ይቀይረዋል። ነርቭ ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻውን ያደክመዋል። ሰውየው እግሩን አጠንክር ሲባል ይሞክራል፣ ጡንቻው ግን አይመልስለትም። ስንፍና አይደለም፣ ፍርሃትም ብቻ አይደለም። እንዲህ ላለ ሰው ስኳት፣ ቆሞ ቁጢጥ እያሉ መነሳት፣ አይታዘዝም። ፎጣ ይጠቀለልና ከጉልበቱ ሥር ይደረጋል። ፎጣውን በጉልበቱ ወደ ታች ይጫነዋል፣ አምስት ሰከንድ ይይዛል፣ ይለቃል። በቃ። አንድ ሰው የጭኑ ጡንቻ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ አይቶ እጁን ጭኑ ላይ ጭኖ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከሥራዬ የምወደው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው።

አሁን ለማን እንደማይሆን እንነጋገር፣ ምክንያቱም «ፒላቴስ ለሁሉም ሰው ነው» የሚል ማስታወቂያ ያሳስበኛል። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች አሉ፣ በተለይ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች። ከተለመዱት የፒላቴስ እንቅስቃሴዎች ብዙዎቹ ጀርባን ወደ ፊት ያጎብጣሉ፤ ተኝቶ ተጠቅልሎ መነሳት፣ እንደ ኳስ መንከባለል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ 59 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ጀርባን ወደ ፊት የሚያጎብጥ እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት 89 በመቶው ላይ አዲስ የአከርካሪ ጉዳት ታየ። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀና ከሠሩት ላይ 16 በመቶው ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም። ግን ልዩነቱ ቸል የሚባል አይደለም። ስለዚህ አሠልጣኛችሁ ስለ አጥንታችሁ ሳይጠይቅ «ተጠቅልላችሁ ተነሱ» ካላችሁ፣ አትነሱ። በሆድ ተኝቶ ደረትን በቀስታ ከምንጣፉ ከፍ ማድረግ ለብዙዎቹ የተሻለ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረለት ሰው ቀዶ ጥገናው በየት በኩል እንደተሠራ ይወቅ፤ ከኋላ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበትን ከዳሌ በላይ ማጠፍና እግር ማጣመር ሊከለከል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ እየገፋ ሲሄድ በጀርባዋ ረጅም ጊዜ ተኝታ ባትሠራ ይመረጣል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ አይግፋ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ጭንቅላቱን ወደ ታች ከሚያደርጉ አቀማመጦች ይጠንቀቅ።

እነዚህን ደግሞ ለነገ አታሳድሩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በእግሮቻችሁ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግራችሁ ከቀን ወደ ቀን እየዛለ ከሄደ፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት ከመጣ ምንጣፉን ትታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ከቀዶ ጥገና በኋላ አንድ ባታችሁ ካበጠና ካመመ ወይም ድንገት ደረታችሁ ከተወጋና ትንፋሽ ካጠራችሁ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ይህ ሰዓት አይሰጥም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ፍርሃት። አንዲት ሴት መጣች። ወገቧ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ምርመራው አሁን የሚያሰጋ ነገር አያሳይም። እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ለማንሳት ትንፋሿን ያዘች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ሰውነቷን እንደ እንጨት አድርጋ ወረደች። የእስክሪብቶ ክብደት ስንት ነው? ለሳምንታት የሠራነው ነገር ቢኖር ትንፋሽ እያወጡ ጎንበስ ማለት ነበር። መጀመሪያ ተቀምጣ፣ ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከዚያ ቆማ። ጡንቻዋ ከዚያ በፊትም ይችል ነበር። እሷ ነበረች ያላመነችው። ስለዚህ «እንዳትነቃነቅ» የሚለውን ቃል ለሰው ስትናገሩ አስቡበት። ሕመሙ ከሄደ በኋላም ቃሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ ካላችሁ እሺ።

በሳምንት ስንት ቀን ነው? ለማገገም ከሆነ አጭርና ተደጋጋሚ ይሻላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከምትሠሩ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ሥሩ። ከዳናችሁ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። ፒላቴስ ሁለተኛውን ያግዛል። ለልብና ለሳንባ ግን መራመዱ አይቅር።

በቪዲዮ ብቻዬን ብጀምርስ? ጤነኛ ከሆንክ ጀምር። ከጉዳት እየተነሳህ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያይህ ሰው ይኑር። ቪዲዮው ዳሌህ ሲዘምም አያይም። ጥሩ አሠልጣኝ ደግሞ ሳያሠራህ በፊት ብዙ ይጠይቅሃል። ካልጠየቀ ሌላ ፈልግ።

እሺ፣ ከኋላ ያሉት። እናትዎ 74 ዓመታቸው ነው፣ ከወደቁ ወዲህ ከወንበር ለመነሳት ሰው ይፈልጋሉ። ስብራት የለም ተብሏል። ልጀምርላቸው ወይ ነው ጥያቄው። ሐኪማቸው ከፈቀደ አዎ፣ ምንጣፍም አያስፈልጋቸውም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ከፍ እንዲል ትራስ ጨምሩበት። መጀመሪያ በእጃቸው መደገፊያውን ይዘው ይነሱ። ሲቀመጡ ጎናቸው ቁሙና አብራችሁ ቁጠሩ፣ እስከ አምስት። ሦስት ላይ ቢወድቁ ምንም አይደል፣ ትራሱን አንድ ጨምሩ። አራት ጊዜ ይበቃቸዋል። በነጋታው ጠዋት ቁርስ ከማቅረብዎ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ይበሉና «ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ይበሏቸው፤ መልሳቸውንም እስኪጨርሱ ይስሟቸው።